ምዕራፍ ሰባት፦ እሳቱን አስቀድሞ የጨረሰ እህል

አምቦ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የትምህርት ቤቶች በር ሲከፈት መንገዱ በዩኒፎርም ይሞላል። ከዚያ ሁሉ ልጅ አምስት ስድስቱ የእናንተን በር ያንኳኳሉ። የራሳችሁ ልጅ ቦርሳውን ሶፋው ላይ ወርውሮ «የሒሳብ የቤት ሥራ አብረን ልንሠራ ነው» ይላችኋል። ጓደኞቹ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው አንገታቸውን ሰበር እያደረጉ ይገባሉ፤ አንዱ «እንደምን ዋሉ፣ እትዬ» ሲል ሌላዋ «አካም ኦልተን፣ አዴ» ትላለች። ምሳ ከበሉ ሦስት አራት ሰዓት አልፏቸዋል። «ራበኝ» የሚል ግን አይኖርም፤ በሰው ቤት ራበኝ ማለት ነውር ነው ተብለው አድገዋል። የሚያሳብቅባቸው ዓይናቸው ነው፤ ኩሽና ውስጥ ክዳን ኮሽ ባለ ቁጥር ወደዚያ ይዞራል።

ኩሽና ውስጥ ደግሞ ሽንኩርቱ አልተከተፈም፣ ከሰሉ አልተያያዘም፣ መብራቱም ሄዷል። ሱቅ ልኮ ብስኩትና ለስላሳ ማስመጣት አንድ መላ ነው። ስድስት ልጅ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሲመጣ ግን ኪስ አይችለውም፤ ጣፋጩም ቢሆን ሆድ ውስጥ ብዙ አይቆይም።

ይህን የየቤቱን ጭንቀት የምግብ ሳይንስ ጥያቄ አድርጌ ነው የማየው። እያንዳንዱ እህል ለመብሰል የሚፈልገው የእሳት ልክ አለ። ያን ልክ ዛሬ 10 ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ተቀምጠው እየጠበቁን፣ ልንከፍለው እንችላለን። ቅዳሜ በሰፊው ጊዜያችን ከፍለን ልናስቀምጠውም እንችላለን። የካርድ ቆጣሪ ያለው ቤት ነገሩን ያውቀዋል፦ ካርዱን አስቀድሞ የሞላ ሰው ማታ ማብሪያውን መጫን ብቻ ነው የሚቀረው። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ የምንላቸው ሁሉ ቀድሞ የተሞላ ካርድ ናቸው። በዚህ ምዕራፍ ካርዱ እንዴት እንደሚሞላና ለምን በደረቅ ማሰሮ ውስጥ ለሳምንታት ሳይጎድል እንደሚቆይ እናያለን።

የውሃ ጣሪያ

በሁለተኛው ምዕራፍ ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን የቱንም ያህል ብናጋግመው ሙቀቱ እንደማይጨምር አይተናል። ትርፉ እሳት ውሃውን እንፋሎት አድርጎ በማባረር ያልቃል። ስለዚህ ድስት ውስጥ ያለ እህል የሚያገኘው ሙቀት ጣሪያ አለው። ባሕር ጠለል ላይ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ እንበል፣ ጣሪያው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከበላያችን ያለው አየር ይሳሳል፤ ውሃውን የሚጫነው ክብደት ስለሚቀል ቶሎ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። በየ300 ሜትሩ ጣሪያው 1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል ማለት ነው። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃዋ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። 1,650 ሜትር ላይ ያለችው ባኮ ከአምቦ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ትሻላለች። ወደ ጀልዱ ደጋ የወጣ ሰው ደግሞ ከአምቦም ያነሰ ጣሪያ ያገኛል።

በጅቡቲና በአምቦ መካከል ያለው ሰባት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እህል ሲበስል የሚካሄዱት ለውጦች ለሙቀት እጅግ ስሱ ናቸው፤ በደፈናው ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲወርድ ሥራው የሚፈጀው ጊዜ እጥፍ ይሆናል ይባላል። በዚህ ልኬት ጅቡቲ ላይ በአንድ ሰዓት የሚለሰልስ ሽምብራ አምቦ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ይሄዳል። እኔ ይህን የተማርኩት በሐፍረት ነው። አንድ ቀን ያልተዘፈዘፈ ሽምብራ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ጥጄ «ልጆቹ እስኪመጡ ይደርሳል» ብዬ ተቀመጥኩ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ አወጣሁት። ልጆቹ ጨዋ ነበሩና «ይጣፍጣል» እያሉ በሉ፤ የጥርሳቸው ድምፅ ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ ድስቱን አፍኖ ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ነው። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን በ1679 እ.ኤ.አ. የሠራው የእንፋሎት ድስት የዛሬው ፕሬዠር ኩከር አባት ነው፤ አምቦ ላይም ቢሆን ውስጡ ያለው ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ያለው ሰው ይጠቀምበት። የእኛ አያቶች የሄዱበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ጣሪያው የውሃው እንጂ የእሳቱ አይደለም። ውሃውን ካስወገዱት ጣሪያውም አብሮት ይሄዳል።

ሁለት ቁልፍ ያለው ሣጥን

ከዚያ በፊት «መብሰል» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንግባባ። የገብስም፣ የስንዴም፣ የድንችም ጉልበት የተቀመጠው ስታርች በሚባል ነገር ውስጥ ነው። ተክሉ ለሚበቅለው ልጁ የቋጠረለት ስንቅ ነው። ቅርጹን በዓይነ ሕሊናችሁ ለማየት በጣም ጠብቆ የተጠቀለለ የክር ኳስ አስቡ። ምራቃችንና አንጀታችን ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች፣ ማለትም ምግብን የሚቆራርጡት መቀሶች፣ ኳሱ እስካልተፈታ ድረስ የክሩን ጫፍ አያገኙትም። ጥሬ ገብስ የበላ ልጅ ሆዱ ይነፋል እንጂ እንደሚገባው አይጠቀምም።

ኳሱን የሚፈታው ምንድን ነው? የዕድር ሣጥንን አስታውሱ። ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ነው፤ አንዱ ሰብሳቢው ጋ፣ አንዱ ገንዘብ ያዡ ጋ። አንዱ ብቻውን ቢመጣ ሣጥኑ አይከፈትም። የስታርችም ሁለት ቁልፎች ሙቀትና ውሃ ናቸው። ቀዝቃዛ ውሃ ብቻውን አይከፍተውም። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍና ውሃም ሲኖር ግን ክሩ ይላላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፤ ገንፎ ድስቱ ውስጥ ድንገት የሚወፍረው በዚያች ቅጽበት ነው።

አንድ የቤት ሙከራ አለ፤ ልጆቹ ባሉበት ብታደርጉት ይወዱታል። ሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አቅርቡ። በአንዱ ሁለት ማንኪያ ጥሬ የገብስ ዱቄት፣ በሌላው ሁለት ማንኪያ በሶ ጨምራችሁ አማስሉ። አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ጥሬው ዱቄት ከታች እንደ ጭቃ ይተኛል፣ ከላዩ ውሃው ቀጥኖ ይቀራል። በሶውም መዝቀጡ አይቀርም፤ ግን ወፍሮ፣ አብጦ፣ ውሃውን ይዞ ነው። ሁለቱም ገብስ ናቸው። ልዩነቱ የአንደኛው ሣጥን ቅዳሜ ዕለት ተከፍቶ መቀመጡ ነው። ጥሬውን ብርጭቆ ግን ማንም እንዳይጠጣው፤ ጥሬ ዱቄት ሳይበስል የሚቀመስ ነገር አይደለም።

ምጣዱ ላይ

አሁን አስተዋይ አንባቢ ይጠይቃል፦ ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል ካልን፣ በደረቅ ምጣድ ላይ ሁለተኛው ቁልፍ ከየት ይመጣል?

ምጣዱን ጥደን ቀረብ ብለን እንይ። ውሃ ስለሌለበት 93 ላይ የሚያስቆመው የለም፤ 150 ዲግሪን አልፎ ይሄዳል። ገብሱ ሲገባ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ምንም የሚሆን አይመስልም። መዳፋችሁን ከምጣዱ በላይ ብትዘረጉት ግን ወበቅ ይለዋል፤ ከእህሉ እርጥበት እየወጣ ነው። ደረቅ የምንለው ገብስ ከክብደቱ 12 በመቶ ያህል ውሃ ነው። ሁለተኛው ቁልፍ እዚያው ፍሬው ውስጥ ነበር። ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ያ ውሃ ይግላል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ መውጫ ሲያጣ ይገፋል። ጠጥ፣ ጠጥ የሚል ድምፅ ይጀምራል። ፍሬው ያብጣል፣ ወገቡ ላይ ይሰነጠቃል። ገብሱ የራሱን ቆዳ ድስት አድርጎ፣ በራሱ ውሃ በሰለ።

ፈንዲሻ የዚሁ ነገር ጫፍ ነው። የፈንዲሻ በቆሎ ቆዳ ጠንካራና እንፋሎት የማያሳልፍ በመሆኑ እስከ 180 ዲግሪ አካባቢ ድረስ አፍኖ ይይዘውና በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። የገብስ ቆዳ ያሾልካል፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል እንጂ አበባ አይሆንም። ለቆሎ የሚሆን ሽምብራ ከመቆላቱ በፊት ውሃ የሚያስነኩ ሴቶች ይህን በእጃቸው ያውቁታል፦ ውስጡ በቂ ውሃ የሌለው ፍሬ ላዩ ያርራል፣ መሃሉ ጥሬ ይቀራል።

ከዚያ ቀለሙ መለወጥ ይጀምራል። ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ በእህሉ ውስጥ ያለው ስኳርና ፕሮቲን እርስ በርስ ይያያዙና ቡናማ ቀለምና መዓዛ ይፈጥራሉ። ይህን በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር ነው፤ ለውጡም በስሙ ይጠራል። ቡና ሲቆላ ጎረቤት የሚጠራው ሽታ፣ የድፎ ዳቦ ቅርፊት፣ የጥብስ ላይኛው ክፍል፣ ሁሉም የዚህ ለውጥ ልጆች ናቸው። ንፍሮ ጥሩ ምግብ ነው፤ ይህን መዓዛ ግን ሊያገኝ አይችልም፤ የውሃው ጣሪያ እዚያ አያደርሰውም። ልጆች ከንፍሮ ይልቅ ወደ ቆሎ የሚሮጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ማማሰሉን ማቋረጥ አይገባም። ምጣዱ የሚነካው የፍሬውን አንድ ጎን ብቻ ነው፤ ካላገላበጡት ያ ጎን ከስሎ ሌላው ጥሬ ይሆናል። መድረሱን ለማወቅ አንድ ፍሬ ወስዳችሁ በጥርሳችሁ ስበሩት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረና ዱቄቱ ጥርስ ላይ ካልተለጠፈ እሳቱን ጨርሷል።

በአራተኛው ምዕራፍ ስለ ላይሲን፣ ማለትም ሰውነት ፕሮቲን ሲገነባ ከሚጠቀምባቸው ጡቦች ስለ አንዱ፣ ተነጋግረን ነበር። ገብስና ስንዴ የሚያጥራቸውን ያን ጡብ ሽምብራና ባቄላ ይሞሉታል። ስለዚህ ለልጆች የሚቀርብ ቆሎ ሁለት እፍኝ ገብስ ከሆነ አንድ እፍኝ ሽምብራ ይግባበት። አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ከትልልቆቹ ጋር ታናናሽ ወንድምና እህት ተከትለው ይመጣሉ። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ቆሎም፣ ለውዝም፣ ፈንዲሻም አይሰጥም፤ ጉሮሮ ይዘጋል። ለእነሱ በሶ አለ።

በሶ፣ ጩኮ፣ ቆሪ

የተቆላው ገብስ ሲፈጭ በሶ ሆነ። እሳቱን ጨርሷልና የሚቀረው ውሃ ብቻ ነው። ለአንድ የትምህርት ቤት ልጅ ግማሽ ብርጭቆ ያህል፣ 60 ግራም ገደማ፣ ይበቃል፤ 200 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ጉልበት ይሰጠዋል። ለስድስት ልጅ ሦስት ብርጭቆ በሶ ሰፋ ያለ ሳህን ላይ አፍስሱ፤ ቆንጠር ጨው፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ማር ጨምሩ። ውሃውን ቀስ እያላችሁ ነው፤ በአንድ ጊዜ ካፈሰሳችሁት ላዩ ወዲያው አብጦ ይዘጋና ውስጡ ደረቅ የሆነ እብጠት ይሠራል። ጣት ላይ መለጠፉን ትቶ መሰብሰብ ሲጀምር በቃው። ከዚያ ልጆቹን እጃችሁን ታጠቡና ራሳችሁ አድቦልቡሉት በሏቸው። አንዱ ኳስ ይሠራል፣ አንዷ ጎጆ ቤት ትሠራለች፣ ሁሉም ይበላል። ሰዓት ይዤ አይቻለሁ፤ ከማሰሮው ክዳን እስከ መጀመሪያው ጉርሻ 5 ደቂቃ አይሞላም።

አምቦ ላይ ያለን ሰዎች ሌላ መዝናኛ አለን። ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው የአምቦ ውሃ በውስጡ የሟሟ ጋዝ አለው። ጋዙ አረፋ ሆኖ ለመውጣት የሚይዘው ሻካራ ቦታ ይፈልጋል፤ ከበሶ ቅንጣት የተሻለ ማረፊያ ደግሞ አያገኝም። ብርጭቆ ውስጥ በሶው ላይ የአምቦ ውሃ ሲፈስ አረፋው ቱግ ብሎ ይወጣል። ብርጭቆውን ከግማሽ በታች ሙሉ፤ አለበለዚያ የሒሳቡ ደብተር ይረጥባል።

ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ባሉት ከተሞች በሶ ብቻውን አይደለም። በሶውን በተነጠረ ቅቤ ያሹት እንደሆነ ጩኮ ይሆናል። ገብሱን ሳይፈጩ፣ ቆሎውን እንዳለ በቅቤ ያሹት እንደሆነ ቆሪ ይባላል። ሁለቱም የኦሮሞ እናቶች ለመንገደኛና ለአራስ የሚያዘጋጁት ክቡር ምግብ ነው። በሳይንሱም በኩል ድንቅ ነው የምለው ቅቤው ራሱ እሳቱን የጨረሰ በመሆኑ ነው። ቅቤ ስናነጥር ምን እያደረግን ነው? ውስጡ ያለውን ውሃ እያተነንን፣ ወተታማውን ዝቃጭ ከሥር እየለየን ነው። የቀረው ንጹሕ ስብ ነው። ውሃው የወጣለት እህል ውሃው ከወጣለት ስብ ጋር ሲታሽ ተሐዋስያን የሚጠጡት ጠብታ አያገኙም፤ ስቡም እያንዳንዱን ቅንጣት ለብሶ የአየሩን እርጥበት ያግዳል። ጩኮ ብዙ ቀን የሚቆየው፣ ለሩቅ መንገድ ስንቅ የሆነውም ለዚህ ነው። ለልጅ የእንቁላል ያህል ትንሽ ድብልብል ይበቃዋል፤ ቅቤው ከባድ ነው።

መስበርና ማሳሳት

እሳትን ቀድሞ ከመክፈል ሌላ ዕዳውን ራሱን የማሳነስ መንገድም አለ። ሙቀት ወደ እህል ልብ የሚሄደው አውራ ጎዳና ላይ እንደሚበር መኪና አይደለም። በገበያ ቀን አምቦ ገበያ መሃል የገባ ሰውን ይመስላል፤ ወዲህ ይገፋል፣ ወዲያ ይመለሳል፣ ቀስ ብሎ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ጉዞ አንድ ጠባይ አለው፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። በግልባጩ ውፍረቱን በግማሽ ብንቀንሰው ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል።

ቂንጬ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ወፍጮው ስንዴውን ሦስት አራት ቦታ ሲሰብረው ሙቀትና ውሃ የሚጓዙት መንገድ ያጥራል፣ የቆዳውም ግንብ ይፈርሳል። ሙሉ ስንዴ ንፍሮ ለመሆን ከሰዓት በላይ ሲፈጅ ቂንጬ በ20 ደቂቃ ይደርሳል። ቀድሞ በምጣድ ሞቅ ሞቅ ካደረጉት ደግሞ መዓዛውም ይጨምራል፣ አይለጣጠፍምም።

ጨጨብሳም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ሥራው ስሙ ውስጥ አለ፤ በኦሮምኛ ጨጨብሱ ማለት መሰባበር ነው። ቂጣው ስስ ስለሆነ በምጣድ ላይ በደቂቃዎች ይበስላል፤ ሲሰባበር ደግሞ ቅቤና በርበሬ የሚይዝበት ገጽ ይበዛል። ጠዋት ለቁርስ ቂጣ ስትጋግሩ ሁለት ጨምራችሁ ጋግሩና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። 10 ሰዓት ላይ መሰባበርና በሞቀ ቅቤ ማሸት ብቻ ይቀራል።

የተረፈ እንጀራ፣ የቀዘቀዘ ድንች

የተፈታው የክር ኳስ እንደተፈታ አይቀርም። ሲቀዘቅዝ በከፊል ተመልሶ ይጠቀለላል። የትናንት እንጀራ የሚደርቀው፣ ያደረ ዳቦ የሚጠነክረው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ይህን እንደ ብልሽት ያየዋል፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ስጦታ ነው። ፀሐይ ላይ የደረቀ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ አንዴ የተከፈለለትን እሳት ይዞ ለሳምንታት ይጠብቃል። ጥቂት ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ዘይት ድስት ውስጥ ሞቅ ብሎ ውሃ ሲፈስበት ድርቆሹ መረቁን ይመጠውና ፍርፍር ይሆናል።

ድንችም እንዲሁ ነው። ትኩስ የተቀቀለ ድንች ቢላ ሲነካው ይፈራርሳል። የቀዘቀዘው ግን ክሩ መልሶ ስለጠበቀ ክብ ክብ ሆኖ ይቆረጣል፤ በቀይ ሽንኩርት፣ በእርድና በቃሪያ በ7 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። የምዕራብ ሸዋ ደጋ የድንች አገር ነው፤ ጀልዱ በዘር ድንቹ ይታወቃል። ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡት ሁለቱ የታወቁ ዝርያዎች፣ የ2002 እ.ኤ.አ. ጃለኔ እና የ2006ቱ ጉደኔ፣ ስማቸው በኦሮምኛ «ወደድነው» እና «አደግን» ማለት ነው። ስም ያወጣላቸውን ሰው አላውቀውም፤ ጥሩ አወጣ።

ሽሮን በአንድ አንቀጽ ማለፍ ይከብደኛል፤ ግን እስካሁን የተባለው ሁሉ በእርሱ ውስጥ ተጠቃሏል። አተሩና ሽምብራው ተቆልቷል፣ ተከክቷል፣ ተፈጭቷል፤ ቅመሙም አብሮ ገብቷል። ክክ ወጥ ረጅም ሰዓት ሲጠይቅ ሽሮ ሲንተከተክ ቶሎ የሚደርሰው ከባዱ ሥራ ከወራት በፊት ስላለቀ ነው። ቦሎቄ ግን ከዚህ ሰልፍ ውስጥ የለም። ጥሬ ቦሎቄ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው፤ ተዘፍዝፎ፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ እየተንተከተከ እስኪለሰልስ መቀቀል አለበት። ችኮላን አይወድምና ለቅዳሜ ምሳ ይቆይ።

ውሃው ሲመለስ

በሶን ለወራት የጠበቀው ድርቀቱ ነው። ሻጋታም ሆነ ባክቴሪያ ያለ ውሃ መራባት አይችልም። ስለዚህ በሶው ላይ ውሃ ባፈሰስንባት ደቂቃ ጥበቃው ተነሣ ማለት ነው። የተበጠበጠ በሶ ዕለቱን ያልቃል፤ አያድርም። ማሰሮው ውስጥ የሚገባው ማንኪያም ደረቅ ይሁን፤ አንድ እርጥብ ማንኪያ የወር ድካም ያበላሻል። የሻጋታ ሽታ የሸተተውን ሁሉ፣ እህልም ሆነ ለውዝ፣ ሳያሳዝናችሁ ድፉት።

ዋናው ጥንቃቄ ግን በውሃው ነው። በሶ ከተበጠበጠ በኋላ እሳት አያይምና ውሃው ውስጥ ያለው ተሐዋሲ በቀጥታ ልጁ ሆድ ውስጥ ይገባል። ውሃው ቀድሞ መፍላት አለበት። የአምቦ ከፍታ እዚህም አለ፦ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ውሃው መፍላት ከጀመረ በኋላ ሙሉ 3 ደቂቃ ቢንፈቀፈቅ ይመከራል። ማታ አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አስቀምጡት። ድንቹንም ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ከምሳ ጋር ከነልጣጩ ቀቅሎ እዚያው ቀን ይጨርሰው።

ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ማሰሮውን ከመክፈታችሁ በፊት «ጾመኛ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ አካባቢ አንድ ክፍል ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም አብሮ ይማራል፤ ልጁ አፍሮ ዝም ቢል ቤቱ ሲደርስ ይጨነቅበታል። ሁለት ሳህን አቅርቡ፤ በአንዱ በቅቤ የታሸ፣ በሌላው በማርና በኑግ ዘይት የታሸ በሶ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ስድስት ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ 720 ግራም በሶ ይበላል። በወንፊትና በወፍጮ የሚቀረውን ጨምራችሁ ለሳምንቱ አንድ ኪሎ ገብስ ብትቆሉ አይጎድልባችሁም። ተቆልቶና ተፈጭቶ ሲያልቅ ግን ማሰሮውን ከፍ ያለ ቦታ አትስቀሉት። የ10 ዓመት ልጅ እጁ የሚደርስበት መደርደሪያ ላይ፣ ፈልቶ ከቀዘቀዘው ውሃ ጎን አድርጉት። እናንተ ከሥራ ሳትመለሱ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ስድስቱ ቢመጡ ክብሪት መጫር የለም፣ የጋለ ዘይት የለም። ልጃችሁ ክዳኑን ከፍቶ፣ ሦስት ብርጭቆ ሰፍሮ፣ ለጓደኞቹ ራሱ ያቀርባል።